ከተቃጠለ በኋላ ቁጥቋጦው ለምን አይመለስም?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ደረቅ አካባቢ ድሮም ሲቃጠል ነው የኖረው። ታዲያ አሁን በምዕራብ አሜሪካ ቁጥቋጦውና ደኑ ከተቃጠለ በኋላ ለምን በራሱ አይመለስም? መጤው አረም ሣር ከሆነስ ምን ክፋት አለው? መሬት ይሸፍናል፣ ከብትም ይበላዋል። ሌላ ቦታ ደግሞ መሬቱን ያበላሸው እሳት መከልከሉ ነው ሲባል እሰማለሁ። የቱ ነው ትክክል?»

ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሚጋጩ የሚመስለው እሳት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብለን ስለምንጀምር ነው። ለደረቅ መሬት ወሳኙ እሳት መምጣት አለመምጣቱ አይደለም። በስንት ዓመት አንዴ ይመጣል? ምንስ ተሸክሞት ይመጣል? እሱ ነው ዋናው። በነዚህ አካባቢዎች እሳትን ከአንዱ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው የሚያደርሰው ደግሞ በመሃላቸው ያለው ሣር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ሣሩ ላውራ።

በደንብ የተጠናውን ቦታ እንውሰድ፤ ግሬት ቤዚንን። አብዛኛውን ኔቫዳ፣ ከዩታ፣ ከአይዳሆ፣ ከኦሪገንና ከካሊፎርኒያም ከፊሉን የሚይዝ ሰፊ ደረቅ ምድር ነው። እርጥበቱ በአብዛኛው በብርዱ ወራት በበረዶ መልክ ይመጣል፤ ሙቀቱ ሲገባ ሁሉም ይደርቃል። የቦታው ጌታ ሴጅብራሽ የሚባል ግራጫማ ቁጥቋጦ ነው። አሪቲና ጭቁኝ ዘመዶቹ ናቸው፤ ቅጠሉን ሲያሹት የሚያወጣው ሽታም ዝምድናውን ይናገራል። በቁጥቋጦዎቹ መካከል እየታጀበ የሚበቅልና ብዙ ዓመት የሚኖር ሣር አለ። በሣሩ እጅቦች መካከል ደግሞ ባዶ የሚመስል መሬት ይታያል። ባዶ ግን አይደለም። ሳይኖባክቴሪያና የድንጋይ ሽበትን የመሳሰሉ ሕያዋን አፈሩን አያይዘው እንደ ቅርፊት ሸፍነውታል። ይህ ቅርፊት ነፋስ አፈሩን እንዳይወስድ ይይዛል፤ ባዕድ ዘርም እንደልቡ ሥር እንዳይሰድ ያስቸግራል።

የእሳቱ ጉዳይ ያለው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ድሮ መብረቅ ይወድቃል፣ አንድ ሁለት ቁጥቋጦ ይነዳል፣ ከዚያ እሳቱ የሚሄድበት አጥቶ ይጠፋል። ትልቅ ቃጠሎ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ነበር። ግን ደረቅና ዝቅ ባለው ሴጅብራሽ አንድ ቦታ ዳግም እስኪቃጠል እንደ ቦታው ከግማሽ ምዕተ ዓመት እስከ ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። ይህ ጊዜ ለቁጥቋጦው ሕይወቱ ነው።

ከዚያ ቺትግራስ የሚባለው መጤ ሣር መጣ። የትውልድ አገሩ አውሮፓና እስያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከስንዴ ዘርና ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ ገባ፤ የባቡር ሐዲዱን፣ ከብቱንና በጉን ተከትሎ ተስፋፋ። በ1930 ገደማ አሁን የሚገኝበትን አብዛኛውን አካባቢ አዳርሶ ነበር። እንዲህ የቀናው ብርቱ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መሬቱ ቀድሞ ተጎድቶ ጠበቀው። ከልክ ያለፈ ግጦሽ ነባሩን ሣር አመናምኖት፣ ኮቴ ያንን ቅርፊት ሰባብሮት ነበር። መጤ አረም ሲነሳ ሰው ሁሉ አረሙን ብቻ ይወቅሳል፤ በሩን የከፈተው ግን የመሬት አያያዝ ነው። ይህ ሳይነገር ሲቀር እኔን በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ያው በር ዛሬም በብዙ ቦታ ክፍት ነው።

የቺትግራስ ጉልበት የቀን መቁጠሪያው ነው። አንድ ዓመት እንኳን የማይሞላ ዕድሜ አለው። በጥቅምትና በኅዳር ገደማ ይበቅላል። ነባሮቹ ተክሎች በብርዱ ተኝተው ሳለ እሱ ከመሬት በታች ሥሩን ያረዝማል። በረዶው ሲቀልጥ የላይኛውን አፈር እርጥበት ቀድሞ ይጠጣዋል፣ በግንቦት ዘር ይሰጣል፣ በሰኔ ይሞታል። ነባሩ ሣር ያኔ ገና አረንጓዴ ነው። እንግዲህ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ጭድ የመሰለ ቀጭንና ደረቅ ነገር ከቁጥቋጦ እስከ ቁጥቋጦ ያለ ክፍተት ተነጥፎ ይጠብቃል። እሳት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የቃጠሎው ወቅት ቀደም ብሎ ይጀምራል፣ እሳቱ ይፈጥናል፣ ድሮ ሁለት ቁጥቋጦ አንድዶ የሚጠፋው ብልጭታ አሁን ሸለቆ ይሻገራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ለምን አይመለስም? ሴጅብራሽ ሲቃጠል ይሞታል። በስፋት ያለው ትልቁ የሴጅብራሽ ዝርያ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። የቀረው ተስፋ ዘሩ ነው። ዘሩ ደግሞ ደቃቅ ነው፣ አብዛኛው ከእናቱ ጥቂት ሜትር አይርቅም፣ አፈር ውስጥም ረጅም ጊዜ ሕያው ሆኖ አይቆይም። ቃጠሎው ትንሽ ቢሆን ከዳር ያሉት ቁጥቋጦዎች ቀስ እያሉ መሃሉን ይሞሉታል። ቃጠሎው በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ሲሆን ግን መሃሉ ላይ ዘር የሚያደርስ ማን አለ?

ቺትግራስም በእሳቱ ይጎዳል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። አፈሩ ላይ ያለው አብዛኛው ዘሩ ይቃጠላል፤ ከቃጠሎው ቀጥሎ ባለው የመጀመሪያው ዓመት ቁጥሩ በጣም ይወርዳል። ነገር ግን በስንጥቅ ውስጥና ቁጥቋጦ በሌለበት ቦታ ላይ የተረፈው ጥቂት ዘር ሲበቅል ተወዳዳሪ የለውም። አመዱ ናይትሮጅን ሰጥቶታል፣ ውኃው ሁሉ የሱ ነው። አንዷ ተክል ትሰፋለች፣ ዘሯም በዚያው ልክ ይበዛል። በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ መሬቱ እንደገና ሣር በሣር ነው። ከዚያ እንደገና ይቃጠላል። በደቡብ አይዳሆ በስኔክ ወንዝ ሜዳ ላይ ቺትግራስ የወረሳቸው ቦታዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለ ጊዜ አንዴ ሲቃጠሉ ተመዝግቧል። የሴጅብራሽ ችግኝ ዘር ለመስጠት ዓመታት ይፈልጋል፤ ሳያፈራ እሳቱ ይደርስበታል። እያንዳንዱ ቃጠሎ ሣሩን ያበዛል፣ የበዛው ሣር የሚቀጥለውን ቃጠሎ ይጠራል። የሥነ ምህዳር ተመራማሪዎቹ ካርላ ዳንቶኒዮና ፒተር ቪቱሴክ በ1992 ባወጡት ጽሑፍ ይህንን የሣርና የእሳት ዑደት ብለው በሰፊው አስተዋወቁት፤ ዛሬም የምንነጋገረው በዚሁ ስም ነው።

ስፋቱን ለማሳየት ጥቂት ቁጥር ልጥቀስ። በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቺትግራስ ቢያንስ 15 በመቶውን የሸፈነው መሬት ወደ 210,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የግሬት ቤዚን ሲሶ ገደማ ማለት ነው። እነዚህ ቦታዎች የመቃጠል ዕድላቸው ሣሩ ከሌለባቸው ቦታዎች እጥፍ ነው። በዚያው በ2018 በሰሜን ኔቫዳ የተነሳው የማርቲን ቃጠሎ ወደ 176,000 ሄክታር በላ። ከ2001 ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ በአማካይ ከ500,000 ሄክታር በላይ ጤናማ ሴጅብራሽ ጤናውን ሲያጣ ቆይቷል፤ ከምክንያቶቹ ሁሉ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይኸው የመጤ ሣርና የእሳት ጥምረት ነው። ሴጅ ግራውስ የምትባል የቆቅ ዘመድ ወፍ አለች፤ በብርዱ ወራት ከሴጅብራሽ ቅጠል በቀር የምትበላው የላትም ማለት ይቻላል። ቁጥሯ ከ1965 ወዲህ 80 በመቶ ገደማ ወርዷል።

አንድ ግር የሚያሰኝ ነገር ልጨምር። ትልቅ ደን ሲሆን ድርቅ እሳት ያመጣል። እዚህ ግን አደገኛው ዓመት ብዙ ጊዜ ጥሩ ዝናብ ወይም በረዶ የጣለበትን ተከትሎ የሚመጣው ነው። እርጥቡ ዓመት ሣሩን ያበዛል፣ የሚቀጥለው ደረቅ ወቅት ያነደዋል። ስለዚህ «ዘንድሮ ለምለም ነው፣ እፎይ» የሚባል ነገር የለም።

«ከብት ይበላዋል» ላሉት፦ ይበላዋል፤ ግን ለጥቂት ሳምንታት ነው። በሚያዝያና በግንቦት አረንጓዴ ሳለ ጥሩ መኖ ነው። ሲደርቅ ግን ጫፉ ላይ ያለው እሾህ መሰል ነገር የከብቱን አፍና ዓይን ይወጋል፣ ምግብነቱም ይወርዳል። ከዚያ የባሰው ምርቱ የማይታመን መሆኑ ነው፤ አንዱን ዓመት ሜዳ ሙሉ፣ ሌላውን ዓመት ምንም። ነባሩ ሣር ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ በክፉ ዓመትም የሆነ ነገር ያበላል። በዚህ ላይ ሜዱሳሄድ የሚባለው ሌላው መጤ ሣር አለ። ሲሊካ የሚባል አሸዋ መሰል ጠንካራ ማዕድን ስለሚበዛበት ሲጎለምስ ከብት አይነካውም፣ ቶሎም አይበሰብስም፤ ዓመት በዓመት ላይ እየተደራረበ ምንጣፍ ይሠራል፣ ከሥሩም ሌላ ነገር አያበቅልም።

«መሬት ይሸፍናል» የሚለውም እስኪቃጠል ድረስ ነው። ከተቃጠለ በኋላ እስከ ብርዱ መግቢያ ድረስ አፈሩ ራቁቱን ነው። በ2007 በዩታ ሚልፎርድ ፍላት የተባለው ቃጠሎ ወደ 147,000 ሄክታር ከበላ በኋላ ያስነሳው የአቧራ ማዕበል ከቃጠሎው ቦታ አልፎ ብዙ ርቀት ተጉዟል። ቁጥቋጦው ደግሞ በብርዱ ወራት በረዶውን ይይዛል፣ ከሁለት ሜትር በላይ በሚወርድ ሥሩ የጥልቁን ውኃ ይስባል፣ ካርቦንም በአፈሩ ያከማቻል። የአጭር ሥር ሣር ይህን ሁሉ አይተካም።

አሁን ወደ ደኑ። ከሴጅብራሹ ከፍ ባለው ቦታ ፒንየን የሚባል አጭር የፓይን ዓይነትና ጥድ ተቀላቅለው የሚበቅሉበት ደን አለ። እዚያ ታሪኩ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ከ1860ዎቹ ወዲህ ከብትና በግ እሳት የሚሸከመውን ሣር ጋጡት፣ በኋላም እሳት ማጥፋት ሥራዬ ተብሎ ተያዘ፣ ዛፎቹም ቀስ እያሉ ወደ ቁጥቋጦው ወረዱ። እየጠቀጠቁ ሲሄዱ ውኃውን ይሻሙታል፣ ከሥራቸው ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ይመነምናል። እንዲህ የታፈነ ደን በመጨረሻ ሲቃጠል እሳቱ ከዛፍ አናት ወደ አናት የሚዘል ነው፤ መሬት ላይም ቦታውን የሚረከብ ነባር ሣር አልቀረም። ቁልቁለቱ ፀሐይ የሚበዛበት ከሆነ ቺትግራስ ይረከበዋል። በአንድ ተራራ ላይ፣ ከላይ እሳት አጥቶ የተበላሸ፣ ከታች እሳት በዝቶበት የተበላሸ መሬት ታያላችሁ ማለት ነው።

እሳት መከልከሉ መሬቱን አበላሸ ሲባል የሰሙትም እዚህ ላይ ይገጥማል። በደቡብ ኢትዮጵያ በቦረና ግጦሽ ላይ የሆነው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። አርብቶ አደሩ ሣሩን ለማደስና ቁጥቋጦውን ለመግታት በእሳት ይጠቀም ነበር። በ1970ዎቹ እሳት ተከለከለ፤ የግጦሹም ጫና ተጨመረበት፣ የግራር ቁጥቋጦው ጠቀጠቀ፣ ሣሩ ሳሳ። እዚያ ሣሩ ነባር ነው፣ ከእሳት ጋር አብሮ የኖረ ነው። ግሬት ቤዚን ታችኛው ክፍል ላይ ግን ሣሩ እንግዳ፣ ቁጥቋጦው ደግሞ ከእሳት የማያገግም ነው። ስለዚህ አንዱ አገር የሠራውን ለሌላው መገልበጥ አደገኛ ነው።

ስለ ጥዱ አንድ ነገር አደራ ማለት እፈልጋለሁ። «ጥድ ቁጥቋጦ ወረረ» ሲባል ሁሉንም መጨፍጨፍ አለ። በድንጋያማ ሸንተረር ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩ ጥዶች ወራሪ አይደሉም፤ ባለቤት ናቸው። አናቱ የተጠማዘዘና የተዘረጋ፣ ቅርፊቱ ወፍራምና የተሰነጣጠቀ ከሆነ አሮጌ ነው፤ አይነካ። ሾጣጣ አናት ያለው፣ ጥልቅ አፈር ላይ በቁጥቋጦ መሃል የቆመው ነው ባብዛኛው አዲስ መጪው።

ይህ የአንድ አካባቢ ችግር ብቻ አይደለም። በሶኖራ በረሃ፣ አሪዞናና ሜክሲኮ፣ ባፈልግራስ አለ። አፍሪካ አገሩ ላይ ምስጉን የግጦሽ ሣር ነው፤ በዚያ በረሃ ግን ሳዋሮ በተባለው ግዙፍ ቁልቋል ሥር ገብቶ ያነደዋል። ሳዋሮ የመጀመሪያ ክንዱን ለማውጣት ብቻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሚፈጅ ተክል ነው፤ እሳትን አያውቀውም። ሰሜን አውስትራሊያ ውስጥ ለግጦሽ ተብሎ ከአፍሪካ የተወሰደው ጋምባ ሣር እስከ 4 ሜትር ያድጋል፤ እሳቱ ከነባሩ ሣር እሳት እስከ 8 እጥፍ እንደሚበረታ ተለክቷል። በካሊፎርኒያ ሞሃቪ በረሃ በኦገስት 2020 ዶም የተባለው ቃጠሎ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የጆሹዋ ዛፎችን እንደገደለ ይገመታል። በኦገስት 2023 በሃዋይ ላሃይናን ያወደመውና የ100 ያህል ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው እሳትም ሸንኮራና አናናስ ይመረትበት የነበረውን፣ ከዚያ ተትቶ መጤ ሣር የወረሰውን መሬት ይዞ ነው ወደ ከተማዋ የወረደው። ሣር ሲባል ቀላል ነገር ይመስላል። አይደለም።

መፍትሔውን አልጠየቁም፤ እኔ ግን ሳልነካው ማለፍ አልፈልግም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነገር የተባለ ይመስላል። ገንዘቡ ግን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ እሳት ለማጥፋት፣ ቀጥሎ አመድ ላይ ዘር ለመበተን። በሞቃትና ደረቅ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከአውሮፕላን የሚበተን የሴጅብራሽ ዘር አብዛኛው አይያዝም። ችግኝ መትከል ይሻላል፤ ግን በመቶ ሺዎች ሄክታር ላይ ማን ይተክላል? ስለዚህ እኔ የምደግፈው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ገና ጤናማ የሆነውን ቦታ ቀድሞ መጠበቅ፣ ከዚያ ከዳሩ ያለውን መጠገን፣ ሙሉ በሙሉ የተወረሰውን ደግሞ እሳቱ እንዳይወጣ ማጠር። በ2022 በአሜሪካ የወጣው የሴጅብራሽ ጥበቃ ንድፍም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ልብ ይሰብራል፣ አውቃለሁ፤ ክፉኛ የተጎዳውን ወደ ኋላ ማለት ነውና። ግን ሁሉንም ለማዳን ሲባል ደህናው እያመለጠ ነው።

ፀረ አረም መድኃኒት ይሠራል? ይሠራል፤ ሰዓቱ ከተጠበቀ። ኢማዛፒክና ኢንዳዚፍላም የሚባሉት የቺትግራስ ዘር ከመብቀሉ በፊት፣ ማለትም ብርዱ ከመግባቱ በፊት መረጨት አለባቸው። ኢንዳዚፍላም ለተከታታይ ዓመታት ይይዛል፤ ቀደም ብሎ ሥር የሰደደውን ነባር ሣርም ብዙ አይጎዳም። ከዘር የሚበቅለውን ነባር ተክል ግን አብሮ ያስቀራል። ስለዚህ ነባር ሣር በሌለበት ቦታ መርጨት አንዱን አረም አስወጥቶ ለሌላው አረም ቦታ ማሰናዳት ነው።

ግጦሽም እንደ አያያዙ ነው። ቺትግራሱ አረንጓዴ ሳለ፣ ወይም በመኸሩ ደረቁን ለመቀነስ፣ ተለክቶና ተጠብቆ የሚደረግ ግጦሽ የሚቃጠለውን ይቀንሳል። ያው ከብት በግንቦት በየዓመቱ ነባሩን ሣር እየጋጠ ሥሩን ካደከመው ግን ችግሩን ያባብሰዋል። ከቃጠሎ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ሁለት የዕድገት ወቅት መሬቱ ይረፍ።

በ2020 የአሜሪካ መንግሥት በግሬት ቤዚን እስከ 11,000 ማይል፣ ወደ 17,700 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ የእሳት መከላከያ መስመር እንዲሠራ የሚያስችል ውሳኔ አሳልፏል። በነባር መንገድ ዳር ከሆነ እስማማለሁ፤ እሳቱም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከመንገድ ዳር ነው። ጤናማ ሴጅብራሽ መሃል ሰንጥቆ አዲስ መስመር ማውጣት ግን አልደግፍም። መሬት የተገላበጠበት መስመር ሁሉ ለቺትግራስ መንገድ ነው።

አንድ ቦታ ከቃጠሎ በኋላ ይመለሳል አይመለስም የሚለውን በቀላሉ መገመት ይቻላል። ቀዝቃዛና ከፍ ያለ ከሆነ፣ ፀሐይ የማይበዛበት ቁልቁለት ከሆነ ተስፋው ጥሩ ነው። ከዚያ ቃጠሎው ከመድረሱ በፊት በቀጥታ መስመር እየተራመዱ በየጥቂት እርምጃው እግርዎ ሥር ያለውን ይመዝግቡ፤ ነባር ሣር ነው፣ መጤ ነው ወይስ ባዶ? ነባሩ ሣርና ሌላው ቋሚ ተክል 20 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከሸፈነ፣ ከቃጠሎ በኋላ መሬቱ ብዙ ጊዜ ራሱን ይችላል፤ ሥሩ ከታች ተርፎ ያቆጠቁጣልና። ያኔ የሚያስፈልገው ዘር ሳይሆን እረፍት ነው፤ ማረሻና ዘር መዝሪያ ይዞ መግባት የተረፈውን ይነቅላል። ከዚያ በታች ከሆነ ግን የመጀመሪያው ብርድ ሳይገባ መወሰን ያስፈልጋል፤ የቺትግራሱ ዘር ዝቅ የሚልበት ጊዜ ያ አንድ ዓመት ብቻ ነውና።